ጮቄን ለማየት መቼ ይኬዳል? የበረዶ፣ የውርጭና የጠራ ሰማይ ወራት

ክረምት በገባ ቁጥር፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ የጮቄ ተራራ ነጭ ለብሶ የሚታይባቸው ፎቶግራፎች ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ። ምስሉን ያየ የከተማ ነዋሪ የሚያነሳው ጥያቄም ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ መቼ መነሳት ይገባል የሚል። ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ አያስደስትም። ተጓዡ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስቶ ተራራው ላይ እስኪወጣ ድረስ፣ ያ ነጭ ነገር ቀልጦ ወደ ሱሃና ወደ ሙጋ ወርዷል፤ መንገዱንም ጭቃ አድርጎታል።

ይህ ማለት ግን በጮቄ ላይ ነጭ ማለዳ ማየት አይቻልም ማለት አይደለም። ይቻላል፤ ነገር ግን ጊዜው ክረምት ሳይሆን በጋ ነው፤ የሚታየውም ከሰማይ የሚወርድ በረዶ ሳይሆን ከመሬት ላይ የሚወጣ ውርጭ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለጎብኚው የጉዞ ቀን ለመምረጥ፣ ለአርሶ አደሩም ሰብሉን ለመጠበቅ ይረዳል።

ግርታው በከፊል ከቋንቋችን የመጣ ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ከነጎድጓድ ጋር እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ በአውሮፓ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም ሁሉ «በረዶ» እንለዋለን። «አመዳይ» የሚል ሌላ ቃል አለን፤ በመጽሐፍ ቅዱስም ከበረዶና ከውርጭ ጎን ተጠቅሶ ይገኛል፤ ነገር ግን ከገበያና ከቤት ንግግር እየራቀ ሄዷል። በዚህ ጽሑፍ ለመለያየት ያህል እንደ ጠጠር የሚወርደውን በረዶ፣ እንደ ብናኝ የሚወርደውን አመዳይ፣ ሌሊት በሣር ላይ የሚጋገረውን ደግሞ ውርጭ ብሎ መጥራት ይበጃል።

ሰዎች የበረዶ ላይ ሸርተቴ፣ በተለምዶ ስኪ የሚባለውን፣ የሚጫወቱት በአመዳይ ላይ ነው። አመዳይ መሬት ላይ ተከምሮ ለሳምንታት እንዲቆይ ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት መገናኘት አለባቸው፤ እርጥበትና ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ። በአውሮፓ ተራሮች ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ቅዝቃዜውም እርጥበቱም አብረው ይመጣሉ፤ በመሆኑም የስኪ ተጓዦች ቀናቸውን የሚቆርጡት በዚያ መሐል ነው። በምሥራቅ ጎጃም ግን ሁለቱ ተለያይተው ነው የሚመጡት። ውኃው ከሰኔ እስከ መስከረም ይመጣል፤ ጽኑው የሌሊት ቅዝቃዜ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር። ዝናብ ሲኖር ቅዝቃዜው አይበቃም፤ ቅዝቃዜው ሲበቃ ደግሞ ሰማዩ ደረቅ ነው።

በክረምት ከኢትዮጵያ በላይ ባለው አየር ውስጥ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ሲወጣ ነው። ጮቄ ከ4 ሺህ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከዚያ መስመር በታች ነው ማለት ነው። በደመናው ውስጥ የተፈጠረ አመዳይ ወደ ተራራው ሲወርድ በመንገዱ ለብ ያለ አየር ስለሚያገኘው ዝናብ ሆኖ ይደርሳል። ጠጠሩ በረዶ ግን ከባድና ፈጣን በመሆኑ ሳይቀልጥ መሬት ይመታል። ከሰዓት በኋላ የሚያድገው የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ያለው ወደ ላይ የሚነፍስ ነፋስ የውኃውን ጠብታ ደጋግሞ እያነሳ በንብርብር ያረጋዋል፤ ሲከብደውም ይለቀዋል። በስልኮቹ ላይ የሚታየው ነጭ ተራራ እንግዲህ በአብዛኛው የዚህ ጠጠር ክምር ነው። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ፣ አንዳንዴም እዚያው አመሻሽ ላይ ይጠፋል።

ይህን ፎቶግራፍ ከማድነቅ በፊት ማሰብ የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ተራራውን ነጭ ያደረገው ዶፍ በዚያው ሰዓት በተዳፋቱ ላይ ያለውን ገብስ፣ እንግዶና ድንች ወቅቶታል። ወደ ታች ወርዶ በእነማይ ሜዳ ላይ በመስከረም የሚጥል በረዶ ደግሞ አበባ የያዘ ጤፍን ከመሬት ጋር ያስተኛዋል። ለከተማው ሰው መልክዓ ምድር የሆነው ነገር ለአርሶ አደሩ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው፤ የበረዶ ምስል ባየ ቁጥር በተጎዳው አካባቢ ያለ ዘመዱን «ሰብሉ እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚደውል ሰው ከሌሎቹ የተሻለ አስተዋይ ነው።

አገራችን አመዳይ ጨርሶ አያውቃትም ማለት ግን ስህተት ይሆናል። በሰሜን ተራሮች ራስ ዳሸን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው በአንዳንድ ቀናት አመዳይ ይወርድበታል፤ ብዙም አይቆይም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ ገልብጦ ያቆየው የአክሱም ዘመን ጽሑፍም፣ የሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳላቸው ያወሳል። ከዚያም እጅግ በራቀው የበረዶ ዘመን በሰሜንና በባሌ ተራሮች አናት ላይ ግግር በረዶ እንደነበረ የተፈጨው ዐለትና የተቦረቦረው ሸለቆ ይመሰክራሉ። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው ከ5 ሺህ ሜትር በሚበልጡት በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው። ራስ ዳሸን ከዚያ ቁመት ወደ 500 ሜትር ያህል ይጎድለዋል።

በአፍሪካ የስኪ መጫወቻ ያላቸው ጥቂት አገሮች ያላቸው ልዩነትም ይህንኑ ያጠናክራል። በሞሮኮ የአትላስ ተራሮች ላይ የሚገኘው ኡካይምደን ክረምቱ እርጥብም ቀዝቃዛም በመሆኑ የተፈጥሮ አመዳይ ያገኛል። በደቡብ ያለችው ሌሶቶ ግን ልክ እንደ እኛ ቀዝቃዛ ወሯ ደረቅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለው መጫወቻዋ ውኃ እየረጨ በሚያረጋ መሣሪያ ይታገዛል። ኢትዮጵያዊው ሮቤል ተክለማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም በጣሊያኗ ቱሪን፣ በየካቲት 2002 ዓ.ም ደግሞ በካናዳዋ ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ አገሩን ወክሎ ሲወዳደር፣ ሙያውን ያዳበረው በውጭ አገር አመዳይ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪም እርሱ ነው።

ስለዚህ ወደ ጮቄ የሚሄድ ሰው ቀኑን የሚመርጠው አመዳይ ፍለጋ ሳይሆን የጠራ ሰማይ ፍለጋ ሊሆን ይገባል።

ወራቱ አንድ በአንድ

ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ጉዞ አይመከሩም። ተራራው አብዛኛውን ቀን በጉም ይሸፈናል፤ ጫፉ ላይ የደረሰ ሰው የራሱን በቅሎ እንኳ በጉሙ ውስጥ ሊያጣ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው መብረቁ ነው። የጮቄ አናት ዛፍ የለውም፤ ቆሞ የሚታየው ጅባራና ሰው ብቻ ነው። ነጎድጓድ በሚሰማበት ሰዓት በሸንተረሩ ላይ መገኘት ሕይወት ያስከፍላል። የረጠበ ልብስና ነፋስ ሲገናኙም የሙቀት መለኪያው ገና ከዜሮ በላይ እያለ ሰውነት ሙቀቱን ሊያጣ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መደናበርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። በግድ መሄድ ያለበት ሰው ማለዳ ወጥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መውረድ ይኖርበታል፤ በክረምት ደመናው የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ ነውና።

መስከረም የሽግግር ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝናቡ አይለቅም፤ ከመስቀል በኋላ ግን ማለዳዎቹ መጥራት ይጀምራሉ። አደይ አበባ በየዳገቱ የሚታየውም በዚህ ጊዜ ነው። አረንጓዴ ተራራ፣ ሙሉ ምንጭና ፏፏቴ ማየት የሚፈልግ ሰው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ አይቆጭም፤ ጭቃን ግን መታገሥ አለበት። ጮቄ የብዙ ወንዞች መነሻ እንደሆነ በመጽሐፍ የተማረ ተማሪ፣ ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ በየት በኩል እንደሚጀምሩ በዓይኑ የሚያየው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አቧራ ገና አልተነሳም፤ የዓባይ ሸለቆ ከሩቅ ይታያል። መንገዱ ደርቋል። ጓሳው አረንጓዴነቱን ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ገብሱ በታችኛው ተዳፋት ቢጫ ይሆናል። ችግሩ አርሶ አደሩ ሥራ የሚበዛበት ወቅትም ይኸው መሆኑ ነው። ፈረሱና በቅሎው ነዶ ያግዛሉ፤ አውድማ ላይ ይውላሉ፤ መንገድ መሪ ሊሆን የሚችለው ወጣትም አጨዳ ላይ ነው። በመሆኑም የጭነት ከብትና አጃቢ የሚፈልግ ጎብኚ ሳምንት ያህል ቀድሞ መነጋገር፣ ዋጋውንም የሥራ ወቅት መሆኑን አስቦ መክፈል ይገባዋል። ያልታጨደ ማሳ አቋርጦ ማለፍ በየትኛውም ምክንያት ተገቢ አይደለም፤ ረጅሙን የድንበር መንገድ መዞር ነው።

ታኅሣሥና ጥር ነጩን ማለዳ የሚያሳዩ ወራት ናቸው።

ውርጭ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ የት ቆሞ እንደሚታይም ይነግራል። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይመልሰዋል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት የሚቆጠሩበት ሌሊት ከሆነ ግን ሙቀቱ ሽቅብ ሄዶ አይመለስም። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሳይደባለቅ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ሣሩ ላይ ያለው እርጥበትም ወደ ነጭ ቅንጣት ይለወጣል። የመጨረሻው ጽኑ ቅዝቃዜ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ውርጩ የሚበረታው ሸንተረሩ ላይ ሳይሆን በጓሳው ሜዳና በረግረጉ ጎድጓዳ ውስጥ ነው።

ከዚህ በመነሳት ለጎብኚው ሁለት ነገር ይከተላል። ነጩን ለማየት ጎድጓዳው አጠገብ ሊነጋ ሲል መገኘት አለበት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የቀረ ነገር አይኖርም። ድንኳን የሚተክል ከሆነ ግን እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሳይሆን ከፍ ብሎ በተዳፋቱ ላይ መትከል ይሻለዋል።

ለአርሶ አደሩም ትምህርቱ ያው ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ጎብኚው የሚወደው የጠራና ነፋስ የሌለበት ሌሊት፣ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላና ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር የሚያገኘው ውርጭ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ በገባበት ዓመት አደጋው ይጨምራል፤ ዘሩም ስለሚዘገይ። ድንችና ባቄላን ከጎድጓዳ ማሳ ማራቅ፣ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ መምረጥ፣ የመስኖ ውኃ ያለበት ደግሞ ውርጭ በሚጠረጠርበት ቀን አመሻሽ ላይ መሬቱን ማርጠብ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት የተሻለ ይዞ ሌሊት ይለቀዋልና። ጭስ ማጨስ በብዙ ቦታ ይሞከራል፤ ጭሱ ግን እንደ ደመና ወፍራም ሆኖ ማሳውን ካልሸፈነ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ለመውጣት አይከለክሉም፤ ቀኑ ይሞቃል፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ነገር ግን አየሩ በአቧራና በጭስ ይደበዝዛል፤ ጓሳው ይገረጣል፤ በመጋቢትና በሚያዝያም አልፎ አልፎ ድንገተኛ ዝናብና በረዶ ይመጣል። ሩቅ ማየት ለሚሻ ሰው ይህ ወቅት አይመችም።

ብርዱን አስቀድሞ ማስላት

ቢቸናና ሞጣ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ የሚገኙ የወይና ደጋና የደጋ አዋሳኝ ከተሞች ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ከሞጣ እስከ ጮቄ አናት ያለው ልዩነት ወደ 1 ሺህ 500 ሜትር ስለሆነ ቅናሹ 9 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞጣ ላይ ጠዋት 9 ዲግሪ ከሆነ ተራራው ላይ ዜሮ ነው ብሎ መነሳት አያሳስትም። ሳሩ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ደግሞ ከአየሩ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ አባቶች ከ3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን ምድር «ውርጭ» ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ልብስን በተመለከተ አንድ ወፍራም ጃኬት ከመያዝ ሦስት ቀጫጭን መደረብ ይሻላል፤ ሲወጡ ላብ ይመጣልና አንዱን ማውለቅ፣ ሲቀመጡ መልሶ መልበስ ያስፈልጋል። ላቡ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ነው ሰው የሚታመመው። ጋቢ ለማደሪያ ጥሩ ነው፤ ከረጠበ ግን ይከብዳል እንጂ አያሞቅም፤ የበግ ፀጉር ልብስ በዚህ ረገድ ይበልጠዋል። የጆሮና የእጅ መሸፈኛ፣ ሰፊ ባርኔጣና የከንፈር ቅባትም አይረሱ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይ ብርዱን እያስረሳች ፊት ትልጣለች።

የከፍታ ሕመም የቢቸናንና የሞጣን ሰው ብዙም አያስቸግረውም፤ ደርሶ መልስ ለሚሄድ ደጋ ነዋሪ ጥቂት ማለክለክ ነው። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ግን አንድ ሁለት ሌሊት በከተማ አድሮ ቢወጣ ይመረጣል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከጀመረው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ይረፍና እንቀጥላለን» የሚል ምክር አይሰማ።

መንገዱን በተመለከተ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በረቡዕ ገበያና በድጓ ጽዮን በኩል ወደ ሞጣ የሚወርደው መስመር የጮቄን ጫንቃ ያቋርጣል፤ ወደ ተራራው የሚወጣው አብዛኛው ሰውም የሚጠቀመው እርሱን ነው። ከቢቸና በኩል የሚነሳ ግን በእግርና በጭነት ከብት የሚሄድበት ክፍል ይበዛል። የትኛውንም ቢመርጥ፣ ከመነሳቱ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ በወረዳው ካሉ ሰዎች መጠየቅ፣ ሲደርስም ለቀበሌው ማሳወቅ ግዴታ አድርጎ ሊወስደው ይገባል።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ምርጫው ተራራውን በውጭ ሰዎች ዘንድ አስተዋውቋል፤ የአካባቢው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ግን እንግዳው በሚመጣበት ወርና በሚያድርባቸው ሌሊቶች ይወሰናል። ማለዳ ወጥቶ ቀትር ላይ የሚወርድ ሰው አንድ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ውርጩን ለማየት የመጣ ግን የግድ ያድራል፤ እራት ይበላል፤ ማገዶ ይገዛል፤ በቅሎ ይከራያል። ማገዶውን ከባሕር ዛፍ እንጂ ከአስታ እንዳይሆን ቢጠይቅ ደግሞ መልካም ነው፤ በተራራው ላይ አስታው ተመናምኗል።

የጉዞ ቀን ሲቆረጥ በዓላትም ይታሰቡ። በጥምቀት ሰሞን፣ ከጥር 9 እስከ 13፣ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ወደ ጎጃም የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ መኪናና ማደሪያ ይጠባል። ከዚያ በኋላ የሚነሳ ሰው ሁለቱንም በቀላሉ ያገኛል፤ ውርጩም እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በጓሳው ሜዳ ላይ ይጠብቀዋል።